ገንዘቤ ባንክ ተቀምጦ እየቀለጠ ነው፤ የቱን ቤት ልግዛ?

የአንባቢያችን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዱባይ እያለሁ ጀምሮ አነባለሁ። ለመጻፍ የደፈርኩት ግን ዛሬ ነው።

41 ዓመቴ ነው። 13 ዓመት ዱባይ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ በኋላ የአንድ ቤተሰብ ምግብ አብሳይ ሆንኩ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ጠቅልዬ ገባሁ። ያጠራቀምኩትን ድርሃም እንደመጣሁ በሙሉ መነዘርኩት። ሐምሌ ላይ ብር ሲወርድ የሆንኩትን አልነግርዎትም። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ባንክ ያለኝ 4 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ነው። የምኖረው ኮተቤ ከእናቴ ጋር፣ አባታችን በሠራው ግቢ ውስጥ ነው። አባታችን ካረፈ 6 ዓመት ሆነው። ካርታው እስካሁን በእሱ ስም ነው። ከእኔ ሌላ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች አሉኝ፤ ሁሉም በየቤታቸው ናቸው። እኔ አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም። በገንዘቡ ቤት ገዝቼ በኪራዩ መኖር እፈልጋለሁ። ሦስት ነገር ቀርቦልኛል።

አንደኛውን ያመጣልኝ ደላላ ነው። ቦሌ አራብሳ፣ 3ኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር። ቤቱ መሸጥ የሚፈቀድበት ጊዜ ስላልደረሰ ባለቤቱ «ለጊዜው በውክልና ይሁን» ይላል። በዚህ ምክንያት ዋጋው ከሌላው ቀነስ ብሏል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ተከራይታለች፤ በወር 12 ሺህ ትከፍላለች። ደላላው «እሷን አስወጥተሽ ለአዲስ ሰው ትጨምሪበታለሽ፤ የ6 ወር ቅድሚያም ትቀበያለሽ» ብሎኛል።

ሁለተኛው የወንድሜ ሐሳብ ነው። ገና ያልተሠራ የሪል ስቴት አፓርታማ ነው፤ መነሻ 3 ሚሊዮን ይከፈልና ቀሪው በየጊዜው ይከፈላል። «አብረን እንግባበት» ይለኛል። ዱባይ እያለሁ ለዚሁ ወንድሜ መሬት እንዲገዛልኝ ለዓመታት ገንዘብ ልኬ ነበር። ገዛ፤ ግን በራሱ ስም። በኋላም ሸጦ ነገደበትና ከሰረ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ መርሳት ግን አልቻልኩም።

ሦስተኛው የእናቴ ነው። «እዚሁ ጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርተሽ አከራዪ» ትለኛለች። ግንበኛው 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ይበቃል ብሏል። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ክፍል በወር 5 ሺህ ይከራያል።

ሁሉም ፍጠኚ ይለኛል። እኔ ግን ልፈርም ነው ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ፈሪ ሆኜ ነው?

ሁሉም የሚመክራት፣ ከኮተቤ

ምላሽ

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ጊዜ ብዙ የቆየሁት ሐምሌ ላይ ነው።

የዚያ ቀን ቁጭት ገና አልወጣልሽም። እንዴትስ ይወጣል? የ13 ዓመት ልፋት ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ድርሃምም ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ አብሮ ወጣ። ይህን ግንቦት ላይ ማን ያውቅ ነበር? እኔ አላወቅኩም። ባንክ የሚሠራው ጎረቤቴም አላወቀም። እባክሽ እንደ ጥፋትሽ አትቁጠሪው።

ይህን ያነሳሁት ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ዛሬም የሚያስቸኩልሽ ያው ሐምሌ ይመስለኛል። ያኔ ቸኩዬ ጎድቶኛል፣ አሁን ደግሞ ዘግይቼ እንዳልጎዳ የሚል ስጋት። ደላላ ደግሞ የቸኮለ ሰው ሲያይ ያውቃል። «ነገ ሌላ ገዢ ሊከፍል ነው» ብሎሽ ከሆነ አልገረምም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም አያልቅም። አንድ ወር ሁለት ወር ብትቆዪ ምንም አያመልጥሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ተረጋጊ፤ ከዚያ ቁጥሩን አብረን እንየው።

የአራብሳው ቤት በወር 12 ሺህ፣ በዓመት 144 ሺህ ብር ያስገባል። ከ3 ሚሊዮን 900 ሺህ ጋር ስታስተያዪው 4 በመቶም አይሞላም። ከዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ነገር ይቀነሳል። ተከራይ ሲቀየር ቤቱ አንድ ወር ባዶ ሊያድር ይችላል። የደላላ አለ። ቀለም፣ የተበላሸ ቁልፍ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አለ። የጋራ ሕንፃው ማኅበር ለጥበቃና ለጽዳት የሚሰበስበው መዋጮ አለ። የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የጣራና ግድግዳ ግብር አለ። ሁሉም ተቀንሶ በዓመት 110 ሺህ ከተረፈሽ ጥሩ ነው እላለሁ። በወር 9 ሺህ ገደማ ነው። በዚህ ትኖሪያለሽ?

ያው 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ቁጠባ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነውና፣ በዓመት 273 ሺህ ያስገኛል። ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል ትይኝ ይሆናል። የቤቱ ዋጋ ራሱ ስለሚጨምር ነው። ባንክ ያለው ብር ግን ወለዱ ቢታሰብበትም በኑሮ ውድነቱ ይበላል። እየቀለጠ ነው ማለትሽ ልክ ነው። ልዩነቱን ግን ከወዲሁ እወቂው፦ ኮንዶሚኒየም ገንዘብሽን የሚያቆይልሽ ዕቃ ነው፤ ደመወዝ አይሆንሽም። በኪራዩ ብቻ እኖራለሁ ብለሽ ከገባሽ ዓመት ሳይሞላ ይከፋሻል፤ ሲከፋሽ ደግሞ በችኮላ ትሸጪዋለሽ። በእጅሽ ሙያ እንዳለ አትርሺ። ዓመታት ለሰው ቤተሰብ አብስለሻል። ለዕለት ወጪሽ የሚሆነው ከሙያሽ ይምጣ፤ ቤቱ ለነገ ይቀመጥ። ይህን ብታስቢበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አራብሳው ቤት። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። በውክልና አትግዢው።

በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድም። ባለቤቱ ግን ገንዘቡን አሁን ይፈልጋል። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና ይሰጥሻል፤ አንቺ ሙሉውን ትከፍያለሽ፤ ቤቱ ግን በእሱ ስም ይቆያል። እንዲህ ገዝተው በሰላም የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አውቃለሁ። ደላላው የሚጠቅስልሽም እነሱን ነው። ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። የወከለሽ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ሊሽረው ይችላል። ቢሞት ውክልናው ይቀራል፤ ቤቱ ወደ ውርስ ይገባል። ወራሾቹ አንቺን አያውቁሽም። ሚስት ካለችው የጋራ ቤታቸው ያለ እሷ ስምምነት አይሸጥም። ዕዳ ካለበት ደግሞ ባለገንዘቡ ቤቱን በፍርድ ቤት ሊያሳግደው ይችላል፤ መዝገብ ላይ ያለው የእሱ ስም ነዋ። ዋጋው የቀነሰው ባለቤቱ ቸር ሆኖ አይደለም። ይህን ሁሉ አደጋ አንቺ እንድትሸከሚለት ነው። ሦስትና አራት ቤት ያለው ሰው ይሸከመው ይሆናል። አንቺ ግን ያለሽ ይኸው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ መሬቱን ሲገዛ የሆነው ምን ነበር? ገንዘቡ የአንቺ፣ ስሙ የሌላ ሰው። አሁን የቀረቡልሽን ሦስቱን ነገሮች ደግመሽ እያቸው። አራብሳ፣ ገንዘቡ የአንቺ፣ ስሙ የሻጩ። ሪል ስቴቱ፣ ገንዘቡ የአንቺ፣ ሕንፃው ገና የለም፤ ስምሽም ከወንድምሽ ጋር ተዳብሎ። ኮተቤ፣ ገንዘቡ የአንቺ፣ ስሙ የአባትሽ ነፍሱን ይማረውና። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ቢሆንስ? ፈሪ አይደለሽም እህቴ። አንድ ጊዜ የደረሰብሽን ነገር ሲመጣ አውቀሽዋል።

የወንድምሽን ሐሳብ በአጭሩ ልለፈው። 3 ሚሊዮን ከፍለሽ ሕንፃው እስኪያልቅ አንድ ብር ኪራይ አታገኚም። ቀሪውን ክፍያ ደግሞ ከምን ትከፍያለሽ? ቋሚ ገቢ የለሽም። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲጨምር ክፍያው የሚስተካከልበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለ ሸክሙ ይብሳል። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ መውጣቱ ጥሩ ነው። ሕጉ መኖሩና ያንቺ ሕንፃ በጊዜው ማለቁ ግን ለየቅል ናቸው። ደመወዝ ላለው፣ ሌላ የሚኖርበት ቤት ላለው፣ መጠበቅ ለሚችል ሰው ይሆን ይሆናል። ለአንቺ አሁን አይሆንም። «አብረን» የሚለውንም ገና ቁስሉ ሳይደርቅ አትጀምሪው።

የእናትሽን ሐሳብ ግን ቀለል አድርጌ አላየውም። በኪራይ ብቻ ካየነው ከሦስቱ የሚያዋጣው እሱ ነው። ሦስት ክፍል በ5 ሺህ በወር 15 ሺህ፣ በዓመት 180 ሺህ ነው። በ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ላይ 14 በመቶ ገደማ ይመጣል። መሬት አትገዢም፤ ለዚህ ነው። ርካሽ ክፍል ደግሞ ባዶ አይውልም። አንዱ ቢለቅ ሁለቱ ይከፍላሉ። በእርግጥ ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር ሲገባና ሲወጣ፣ በአንድ ሽንት ቤትና በአንድ የውሃ ቆጣሪ ሲጠቀም ኑሮው ይለወጣል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ጠቡ የሚጀምረው ሮቶው ጋ ነው። እናትሽ ይህን አስበውበታል? ማታ በር ሲንኳኳ ተነስቶ የሚከፍተው ማነው?

ትልቁ ነገር ግን ካርታው ነው። አባትሽ ኑዛዜ ካልተዉ፣ ግቢውንም ከእናትሽ ጋር በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ከሆነ፣ ግማሹ የእናትሽ ነው። የአባትሽ ግማሽ ለአራታችሁ እኩል ይካፈላል። የአንቺ ድርሻ ከስምንት አንድ ማለት ነው። ከስምንት አንድ በሆነ ይዞታ ላይ 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ልታፈሺ ነው። ዛሬ ማንም አይከራከርሽም፤ እናታችሁ አሉ፤ ሁሉም ያፍራል። ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ እሳቸው ያለፉ ቀን ግን ክፍሎቹ የግቢው አካል ሆነው ይቆጠራሉ። እህቶችሽ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ባሎች አሉ፣ ልጆች አሉ፣ የኑሮ ጭንቅ አለ። በወረቀት ያልተጻፈ ነገር ላይ ደግሞ ሁሉም የሚያስታውሰው ለየብቻ ነው።

ስለዚህ ከብሎኬት በፊት ወረቀት። የወራሽነት ማረጋገጫ ከከተማው ፍርድ ቤት ይወጣል። ለዚያ የአባትሽ የሞት የምስክር ወረቀት፣ የእናትሽ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሁላችሁም ልጅነት የሚረጋገጥበት ሰነድና ምስክሮች ያስፈልጋሉ። እሱ ሲያልቅ ካርታው በእናንተ ስም ይዛወራል። የግንባታ ፈቃድ የምትጠይቂውም ከዚያ በኋላ ነው። ጓሮ ነው ማን ያየዋል ብለሽ ያለ ፈቃድ አትሥሪ፤ አንድ ጎረቤት ከጠቆመ ሊፈርስብሽ ይችላል። ከዚያ አምስታችሁ ተስማምታችሁ ትጽፋላችሁ። ለምሳሌ ያወጣሽው ገንዘብ እስኪመለስ ኪራዩ የአንቺ ይሆናል። ሦስቱም ክፍል ባዶ ሳይውል ቢከራይ ገንዘብሽ የሚመለሰው በ7 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። ወይም ግቢው አንድ ቀን ሲሸጥ የክፍሎቹ ዋጋ ተገምቶ በቅድሚያ ለአንቺ ይከፈልና ቀሪው ይካፈላል። የቱንም ምረጡ፤ ሽማግሌ ይኑር፤ ውሉ ግን በቃል አይቅር፤ ውልና ማስረጃ ይፈረም።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልንገርሽ። ልብሽ ካልተቀበለው ተዪው።

እኔ ብሆን ካርታ የወጣለት፣ 5 ዓመቱ ያለፈ፣ ስሙ ወዲያው ወደ እኔ የሚዛወር ኮንዶሚኒየም ነው የምፈልገው። ባለ አንድ መኝታ በዚህ ገንዘብ ካልተገኘ ስቱዲዮ ይሁን። ከኮተቤ ብዙ ባይርቅ ይመረጣል፤ ለምሳሌ የካ አባዶ በኩል ብታጠያይቂ። ቧንቧ ሲፈነዳ ሦስት ታክሲ ይዘሽ የምትደርሺበት ቤት ያሰለችሻል። ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ አትለፊ። 200 ሺህ ያህሉ ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብር ቀረጥና ለእድሳት ይያዝ፤ ቴምብሩ ብቻውን ከቤቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ሌሎቹን ክፍያዎች ማን እንደሚሸፍን ከሻጩ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። የቀረው 600 ሺህ ባንክ ይቀመጥ። ግማሹ ለሕመምና ለክፉ ቀን ነው። ግማሹ ለሙያሽ ይሁን፤ የምሳ ሳጥንም ይሁን የድግስ ሥራ አንቺ ታውቂያለሽ። ጓሮው የውርሱ ወረቀት ሲያልቅ አንድ ክፍል ተሠርቶ ሊጀመር ይችላል። ሦስቱን በአንዴ ማን አስገደደሽ?

ቤት ስታዪ ጠዋትም ማታም ሂጂ። ጠዋት ስትሄጂ የታክሲ ሰልፉን ታያለሽ። ማታ ስትሄጂ መብራቱን፣ ጥበቃውን፣ ከላይ ቤት የሚመጣውን ድምፅ ትሰሚያለሽ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና እላይኛው ፎቅ ድረስ ይወጣ እንደሆነ ደላላውን ሳይሆን ደረጃ ላይ ያገኘሻትን ሴትዮ ጠይቂ። የመታጠቢያ ቤቱን ጣራ ቀና ብለሽ እዪው፤ ከላይ ቤት የሚወርድ እርጥበት ካለ እዚያ ይታወቃል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ካየሽ ለምን አሁን ተቀባ ብለሽ ጠይቂ።

ከወደድሽው የካርታውን ኮፒ ተቀብለሽ ክፍለ ከተማው ይዞታ ጽሕፈት ቤት ሂጂና ዕዳና እግድ ካለበት አረጋግጪ። ሻጩ ራሱ አብሮሽ ቢሄድ ይቀላል፤ አልሄድም ካለም አንድ ነገር ነግሮሻል። የባንክ ዕዳ ያልጨረሰ ከሆነ ገንዘቡ በእሱ እጅ ሳይሆን በባንኩ በኩል ዕዳውን ይዝጋ። ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፤ አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ቀብድ ስትሰጪ ትንሽ ይሁን፤ በጽሑፍም ይሁን። በሕጋችን ቀብድ የከፈለ ገዢ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ያፈረሰው ሻጩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። ይህን ደላላው ባለበት ንገሪያቸው፤ ሁለቱም ጠንቀቅ ይላሉ። ዋናውን ክፍያ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ)፣ ውልና ማስረጃ በምትፈርሙበት ቀን እንጂ ከዚያ በፊት እንዳትከፍዪ። አንድ የሕግ ባለሙያ ውሉን እንዲያነብልሽ የምትከፍይው ከደላላው ኮሚሽን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ስለ ተከራይዋ ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም። እኔም ከማግባቴ በፊት 9 ዓመት ተከራይ ነበርኩ። «ቤቱ ተሸጧል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የደላላው ምክር ከሕጉም ጋር አይሄድም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ቤት ገዝቶ ተከራይን ወዲያው ማስወጣት አይቻልም፤ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም፤ የ6 ወር የሚባለው ሕገ ወጥ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ መጠኑንም የሚያስታውቀው መንግሥት ነው።

ይህ ለአከራይ ጭንቅ ይመስላል። ለአንቺ ግን የሚጠቅምሽ ጎን አለው። ተከራይዋ ቢያንስ ሁለት ዓመት የምትቆይ ከሆነ ስትመርጪ ሳትቸኩዪ ተረጋግተሽ ትመርጫለሽ። 2 ሺህ ብር ከሚጨምር የማታውቂው ሰው ይልቅ በወሩ መጀመሪያ ሳትጠየቅ የምትከፍለው ትሻላለች። የሚቀጥለውን ቤት ስታዪም ተከራይ ካለበት ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያት። ስለ ቤቱ ከባለቤቱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ክፍያዋ ጥሩ ከሆነ እንድትቀጥል ጠይቂያት። ቤቱን ከገዛሽ በኋላ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ጽፈሽ ሁለታችሁ ፈርሙበት፤ ተከራይ ሲወጣ የሚቀረው ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ የውሃ ዕዳ ነው።

ስጽፍልሽ ያለማቋረጥ በልቤ የሚመላለስ ጥያቄ አለ። ይህን ቤት ለማከራየት ብቻ ነው የምትፈልጊው? 13 ዓመት በሰው ቤት ተኝተሻል። አሁንም የምትኖሪው የአባትሽ ግቢ ውስጥ ነው። ቁልፉ በአንቺ እጅ ብቻ የሆነ፣ ገብተሽ በሩን የምትዘጊበት ቤት አላማረሽም? አምሮሽ ከሆነ እሱም ቁም ነገር ነው። ቤቱን የምትመርጪው አንድ ቀን ራስሽ እንደምትገቢበት አድርገሽ ይሁን። ጣራው፣ ፀሐዩ፣ ጎረቤቱ ያኔ ሌላ ሆኖ ይታይሻል። እናትሽን ጥለሽ ውጪ ማለቴ አይደለም። ግን በ60 ዓመትሽ የት እንደምትኖሪ ዛሬ ብታስቢ ጥሩ ነው። ለእናትሽም ይህን ብትነግሪያቸው የሚከፋቸው አይመስለኝም።

ለወንድምሽ ረጅም ማብራሪያ አትስጪ። የድሮውን ካነሳሽ ጠብ ይሆናል፤ ካላነሳሽ ደግሞ ልብሽ ይታመማል። እንዲህ በዪው፦ «ሐሳብህን ሰምቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። አሁን ግን በስሜ ብቻ የሚሆን ቤት ነው የምገዛው። ከዚህ በኋላ ከማንም ጋር ገንዘብ አላዋህድም፤ ከአንተ ጋር ብቻ አይደለም።» ካኮረፈ ያኩርፍ፤ ይመለሳል። ለደላላው ደግሞ ዛሬ ማታ ደውይለት። በውክልና እንደማትገዢ፣ ካርታ ያለውና ስሙ የሚዛወር ቤት ካለው ብቻ እንዲደውልልሽ ንገሪው። ዝም ካለሽ ሌላ ደላላ አለ።

የውርሱን ነገር ለእናትሽ ማንሳት ሊከብድሽ ይችላል። «ገና ሳልሞት ልትካፈሉ ነው ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። ለብቻቸው አትንገሪያቸው። እሑድ እህቶችሽን ጥሪያቸው፤ ወንድምሽም ይምጣ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የአባታችሁን ስም አንሺና «የእማዬ ድርሻ በራሷ ስም እንዲሆን ወረቀቱን እንጀምርላት፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» በዪ። የእሳቸው ግማሽ በራሳቸው ስም ሲሆን የሚጠበቁት እሳቸው ናቸው፤ እውነቱም ይኸው ነው። እህቶችሽ ምን እንዳሉ መልሰሽ ጻፊልኝ።